አውሮፕላንን አየር ላይ የሚይዘው ምንድን ነው? ሰነድ የሌላቸው ማብራሪያዎች



አንድ ዶርም ውስጥ ስድስት ተማሪ ሰብስባችሁ «ይህን የሚያህል ብረት አየር ላይ የሚይዘው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰባት መልስ ታገኛላችሁ። ደግሞ ሁሉም በሙሉ ልቡ ነው የሚናገረው። ግማሹ መልስ ያስቃል። ሌላው ግማሽ ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ ስለሆነ አያስቅም፤ ስህተትነቱ ግን ከሚያስቀው አያንስም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ዓይነት ካየ በኋላ ትክክለኛውን በቀላሉ ለማስረዳት ይሞክራል። የተጻፈው ኢንጂነሪንግ ለማትማሩም ጭምር ነውና ቀመር ይመጣል ብላችሁ አትፍሩ።

መመዘኛችንን ከመድረሳ እንዋስ። አንድ ዘገባ ሲመጣ ሁለት ነገር ይፈተሻል። አንደኛው ሰነዱ ነው፦ ማን ከማን ሰማው? መነሻውስ የት ነው? ሁለተኛው መትኑ ነው፦ የተባለው ነገር በእርግጠኝነት ከሚታወቅ ነገር ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም? ዑለሞች ይህን ስልት ያዳበሩት ለሐዲስ ነው፤ ክብሩም የዚያ ነው። ልማዱን ይዞ ፊዚክስ ክፍል መግባትን ግን የሚከለክል የለም።

ለሳቅ የሚሆኑት

በአብራሪዎች ዘንድ የቆየ ቀልድ አለ። ከፊት የሚሽከረከረው ፕሮፔለር የአብራሪው ማራገቢያ ነው ይላሉ። ማስረጃውስ? አየር ላይ እያለ ቢቆም አብራሪው እንዴት እንደሚያልበው ማየት ነው!

ሁለተኛው የተሳፋሪው ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ሁሉም የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ትንፋሹን ውጦ ወደ ላይ ይስባል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ የሚነሳው በተሳፋሪው ጉልበት ነው። የዚህን መትን ለመፈተሽ አልጋችሁ ላይ ተቀምጣችሁ አልጋውን ራሱን ወደ ላይ ሳቡት። አይነሳም። የራስን መቀመጫ ከውስጥ ሆኖ ማንሳት አይቻልም።

ሦስተኛው ትንሽ ምሁራዊ ይመስላል፦ «ክንፉ ውስጥ ቀላል ጋዝ አለ።» እስቲ እናስላው። አንድ ሜትር ኪዩብ ሂሊየም የሚያነሳው አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቦይንግ 737-800 ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲነሳ እስከ 79 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ 79,000 ሜትር ኪዩብ ጋዝ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 79፣ ከፍታው 10 ሜትር የሆነ አዳራሽ የሚሞላ። ክንፉ ይህን አይችልም። ደግሞ ክንፉ ውስጥ በእውነት ያለው ነዳጅ ነው፤ ከሸክሙ ሁሉ ከባድ ከሆኑት አንዱ!

አራተኛው «ሞተሩ ነው የሚይዘው» የሚለው ነው። ይህን ብዙ ሰው ያምነዋል። ነገር ግን የዚያው አውሮፕላን ሁለት ሞተሮች በሙሉ ኃይላቸው ተደምረው የሚገፉት 24 ቶን ገደማ ነው፤ እሱም ወደ ፊት እንጂ ወደ ላይ አይደለም። 79 ቶኑን ማን ያዘው? በ1983 እ.ኤ.አ. አንድ የካናዳ ቦይንግ 767 በረራ ላይ እያለ ነዳጅ አለቀበት። ያለቀበትም ነዳጁ ሲለካ ፓውንድና ኪሎ ግራም ስለተምታታ ነው (ዩኒት መጻፍ ለምትረሱ ሁሉ!)። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አውሮፕላኑ ግን እንደ ድንጋይ አልወደቀም። አብራሪዎቹ እያንሸራተቱ ጊምሊ በተባለ አሮጌ የአየር ኃይል ማረፊያ አሳረፉት፤ ከ69ኙ ሰዎች የሞተ የለም። የሞተሩ ሥራ ፍጥነትን መስጠት ነው። የሚይዘው ሌላ ነገር ነው።

አምስተኛው እንቆቅልሽ ነው። ዙሪያው የተዘጋ አይሱዙ ርግብ ጭኖ ሚዛን ጣቢያ ይደርሳል። ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ ስለሆነ ረዳቱ ወርዶ ጎኑን በዱላ ይደበድባል፤ ርግቦቹ ደንግጠው እንዲበሩና መኪናው እንዲቀለው። ብልህ ይመስላል። ሚዛኑ ግን አይታለልም። ርግቧ አየር ላይ ለመቆየት በክንፏ አየርን ወደ ታች ትገፋለች፤ የተገፋው አየር የመኪናውን ወለል ይገፋል። ክብደቷ በእግሯ መድረሱ ቀርቶ በአየር በኩል ደረሰ እንጂ አልጠፋም። ይህችን ርግብ አትርሷት፤ ትክክለኛው መልስ ግማሹ እሷ ዘንድ ነው።

መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የገባው ተረት

አሁን ወደማያስቀው እንምጣ። ብዙዎቻችን የተማርነው እንዲህ ነው፦ የክንፉ የላይኛው ገጽ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ከታችኛው ይረዝማል። አየር ክንፉ ጫፍ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ ክፍሎች ኋላ ላይ እኩል መድረስ ስላለባቸው የላይኛው ረጅሙን መንገድ ለመጨረስ ይፈጥናል። በበርኑሊ ሕግ የፈጠነ አየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ክንፉ ወደ ላይ ይነሳል።

ያምራል፤ ለፈተናም ይመቻል። አንዲት ቃል ላይ ቆም እንበል፦ «ስላለባቸው»። እኩል እንዲደርሱ ማን አዘዛቸው? ሁለት የአየር ቅንጣቶች ተለያይተው እንደገና እንዲገናኙ የሚያስገድድ የፊዚክስ ሕግ የለም። የዚህ አባባል ሰነድ ሲፈተሽ መጽሐፍ ከመጽሐፍ እየገለበጠ ይሄዳል እንጂ ለካሁት የሚል ሰው ጋ አያደርስም። እንዲያውም የለኩት ተቃራኒውን ነው ያዩት። በ2003 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሆልገር ባቢንስኪ የተባሉ መምህር በክንፍ ዙሪያ ጭስ እየለቀቁ አሳይተውታል፤ በላይ በኩል የሄደው ጭስ ከታችኛው ቀድሞ ይደርሳል። እኩል የለም፤ አይገናኙም።

መትኑም ቢሆን አይቆምም። አንደኛ፣ የትርዒት አውሮፕላኖች ተገልብጠው ይበርራሉ። ተረቱ እውነት ቢሆን ሲገለበጡ ወደ መሬት በተሳቡ ነበር። ሁለተኛ፣ ከደብተር ገጽ የምናጥፈው አውሮፕላን ክንፉ ዝርግ ነው፤ ላዩም ታቹም እኩል ነው፤ ግን ይበርራል። ሦስተኛ፣ ቁጥሩ አይበቃም። የላይኛው መንገድ በ2 በመቶ ይረዝማል እንበል። የ737-800 ክንፍ ስፋት 125 ሜትር ካሬ ገደማ ነው። በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሲነሳ በዚህ ስሌት የሚገኘው የማንሳት ኃይል 2 ቶን ያህል ብቻ ነው። 77ቱ ቶን የት ገባ?

ልብ በሉ፤ በርኑሊ አልተሳሳተም። ሕጉ ትክክል ነው። የተሳሳተው ፍጥነቱ ከየት መጣ ለሚለው የተሰጠው ምክንያት ነው። ከእውነተኛ ሰው ስም ጋር የተለጠፈ የተሳሳተ ንግግር ከተራ ስህተት የበለጠ ዕድሜ አለው፤ ይህ በሌላም ዘርፍ የምናውቀው ነገር ነው።

ሌላም አለ። «ክንፉ እንደ ዝርግ ድንጋይ ነው፤ ውኃ ላይ ሲወረወር እንደሚነጥረው ድንጋይ ከሥር የሚመታው አየር ያነጥረዋል» ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ የክንፉን ጀርባ ጨርሶ ይረሳዋል። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ መንገደኛ መፈተን ይችላል። አውሮፕላኑ መሬት እንደነካ ክንፉ ጀርባ ላይ ሳንቃ የመሰሉ ክፍሎች ብድግ ይላሉ። ስፖይለር ይባላሉ። የተነሱት ከላይ ነው፤ ከሥር የተነካ ነገር የለም። ሆኖም የማንሳት ኃይሉ ወዲያው ይወርዳል፤ ክብደቱም ጎማው ላይ ያርፋል። ጀርባው ሥራ ባይኖረው ኖሮ ይህ ባልሆነ።

አንስታይንም አለበት

ስማችሁ ይጠፋል ብላችሁ እንዳትሰጉ፤ አልበርት አንስታይንም በዚሁ ተሰናክሏል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1916 እ.ኤ.አ.፣ ስለ በረራ አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ከበርኑሊ ሕግ ተነስቶ ጀርባው እንደ ድመት ጉብ ያለ ክንፍ ነደፈ። አንድ የጀርመን አውሮፕላን ፋብሪካ ሠርቶ ሞከረው። ሞካሪው አብራሪ በኋላ እንደተናገረው አውሮፕላኑ እንደ እርጉዝ ዳክዬ እየተንገዳገደ ነበር፤ በሕይወት መውረዱንም እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሮታል። አንስታይን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነገሩን አንስቶ በራሱ ላይ ቀልዷል፤ ብዙ እያሰበ ጥቂት የሚያነብ ሰው ላይ የሚደርስ ነው ብሎ።

ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው?

ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ሆኖ እጁን ያወጣ ሰው ያውቀዋል (አታውጡ፤ አደጋ አለው)። መዳፉ ለጥ ብሎ ከተዘረጋ ነፋሱ ያልፋል። ከፊት በኩል ትንሽ ቀና ሲል እጁ ወደ ላይ ይነሳል። ቁልፉ ይህ ቀና ማለት ነው፤ ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበት ማዕዘን።

ክንፍ በትክክለኛው ማዕዘን ወደ ፊት ሲሄድ የሚያገኘውን አየር ወደ ታች ያዞረዋል። ከሥር ያለው ይገፋል፤ ከላይ ያለውም የክንፉን ጀርባ ተከትሎ ወደ ታች ይታጠፋል። ክንፉ አየርን ወደ ታች ከገፋ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋል። ይህ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው። ርግቧም የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ከላይ ያለው አየር ለምን ግፊቱ ይቀንሳል? ታክሲ አደባባይ ሲዞር በሩ ላይ ትለጠፋላችሁ። በሩ ባይኖር ቀጥ ብላችሁ በሄዳችሁ ነበር፤ ወደ ውስጥ እየገፋ የሚያዞራችሁ በሩ ነው። አየርም እንዲታጠፍ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገፋው ይፈልጋል። የሚገፋው ከክንፉ ራቅ ብሎ ያለው አየር ነው። እንዲገፋ ደግሞ ግፊቱ ክንፉ አጠገብ ካለው መብለጥ አለበት። ስለዚህ በክንፉ ጀርባ ላይ ግፊቱ ዝቅ ይላል። አየር ግፊቱ ዝቅ ወዳለበት ሲገባ ይፈጥናል፤ በርኑሊ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የላይኛው አየር የሚፈጥነው ጓደኛው እንዳይቀድመው አይደለም።

እንግዲህ «ኒውተን ነው» እና «በርኑሊ ነው» እያሉ የሚከራከሩ ሁለቱም አንድ ነገር እየተናገሩ ነው። አንዱ አየሩ ምን እንደደረሰበት ያያል፤ ሌላው የክንፉን ገጽ ያያል። ሁለቱም በትክክል ቢያሰሉ አንድ ቁጥር ላይ ይደርሳሉ።

የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነትም ያን ያህል ትልቅ አይደለም። 79 ቶኑ ለ125 ሜትር ካሬ ሲካፈል ለአንድ ሜትር ካሬ 630 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ባሕር ወለል ላይ ደግሞ አየር ራሱ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ላይ በ10 ቶን ያህል ይጫናል። ስለዚህ በላይና በታች መካከል 6 በመቶ ያህል ልዩነት ከተፈጠረ አውሮፕላኑ ይነሳል። አየር ባዶ ነገር ይመስለናል እንጂ አይደለም።

ትክክለኛ ማብራሪያ ሌላ ጥያቄ ሲጠየቅም ይመልሳል። የማንሳት ኃይል የሚወሰነው በአየሩ እፍጋት፣ በፍጥነቱ ስኩዌር፣ በክንፉ ስፋትና በማዕዘኑ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ያንኑ ጭነት ለማንሳት በ12 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ያስፈልጋል። በሳሳ አየር ውስጥ የሞተሩም ጉልበት ስለሚቀንስ ያን ፍጥነት ለማግኘት ረጅም መንደርደሪያ የግድ ነው። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሆነው ያለ ነገር አይደለም።

ማዕዘኑ ቀልድ አይደለም

ማዕዘኑ ሲጨምር የማንሳት ኃይሉ ይጨምራል፤ ግን ገደብ አለው። በብዙ ክንፎች ላይ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አየሩ የክንፉን ጀርባ መከተል ያቅተዋል፤ ይላቀቃል። የማንሳት ኃይሉ ይወድቃል። ይህ ስቶል ይባላል። ተረቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሊያስረዳ አይችልም፤ በተረቱ ውስጥ ማዕዘን የሚባል ነገር የለምና።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 በረራ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በቢሾፍቱው አደጋ አውሮፕላኑ እንደተነሳ የግራው ማዕዘን ለኪ መሣሪያ 74 ዲግሪ ገደማ አሳየ፤ የቀኙ ግን 15 ገደማ ነበር የሚያሳየው። አውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር የሚያዳምጠው አንዱን መሣሪያ ብቻ ነበር። የተሳሳተውን አመነ፤ ስቶል መጣ ብሎ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ ታገሉት።

በመድረሳ ቋንቋ እንናገረው። ለ157 ነፍስ በቀረበ ጉዳይ ላይ የአንድ ዘጋቢ ቃል ያለ ምርመራ ተወሰደ። ሌላው ዘጋቢ እዚያው አውሮፕላን ላይ ሆኖ ተቃራኒውን እየተናገረ ነበር። የጠየቀው የለም። በኋላ ሲስተካከል ሶፍትዌሩ ሁለቱን መሣሪያዎች እንዲያነጻጽርና ከተለያዩ እንዲያቆም ተደረገ። ያንን የነደፉት ሰዎችም አንድ ጊዜ እንደኛው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው።

ቁጥሩን የጠረጠሩት ወንድማማቾች

ራይት ወንድማማቾች መጀመሪያ የሠሯቸው ተንሸራታች አውሮፕላኖች ከስሌታቸው ያነሰ ነበር የሚያነሱት። ሲያሰሉ ይጠቀሙበት የነበረው ቁጥር በ1759 እ.ኤ.አ. ከወጣው የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የጆን ስሚተን ሥራ የመጣ ነበር፤ 0.005። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ከሰው ተቀባብሎታል። እነሱ ግን ጠረጠሩት። ሲለኩት 0.0033 አካባቢ ሆነ። በ1901 ደግሞ ከእንጨት የነፋስ መፈተኛ ሣጥን ሠርተው ከመቶ በላይ ትንንሽ ክንፎችን አንድ በአንድ ፈተሹ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. በሞተር በረሩ፤ የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ ብቻ ቆየ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። የብስክሌት ሱቅ ነበራቸው።

የራሳችንንም እንፈትሽ

ይህ መመዘኛ ለሌላው ብቻ ከሆነ ፍትሕ አይሆንም። በጀመዓችን ፖስተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ዐባስ ኢብን ፊርናስን እናያለን። በዘጠነኛው መቶ ዘመን በቁርጡባ የኖረ፣ በ887 እ.ኤ.አ. ያረፈ ሁለገብ ሊቅ ነው። ላባ ለብሶ፣ ክንፍ አበጅቶ እንደበረረ ይነገራል። አንዳንዱ ጽሑፍ ስንት ደቂቃ አየር ላይ እንደቆየ ሳይቀር ይቆጥራል።

የበረራው ዝርዝር ዘገባ የደረሰን ከአል-መቀሪ ነው። እሱ ደግሞ በ1632 እ.ኤ.አ. የሞተ ነው፤ በመካከላቸው ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አለ። ከዚያ የሚቀርበው ማስረጃ በራሱ በኢብን ፊርናስ ዘመን የነበረ ሙእሚን ኢብን ሰዒድ የተባለ ገጣሚ ስለ በረራው የጻፈው ስንኝ ነው። ስለዚህ ታሪኩ መሠረት አለው። አል-መቀሪ ጥሩ ርቀት እንደሄደ፣ ሲያርፍ ግን ጀርባው ክፉኛ እንደተጎዳ ይናገራል፤ ምክንያቱም ወፍ ስታርፍ በጭራዋ እንደምትጠቀም ሳያስተውል ጭራ አላበጀም። ደቂቃ ግን አልቆጠረም። ደቂቃውን የጨመሩት ከእርሱ በኋላ የመጡ ናቸው።

ይህ ኢብን ፊርናስን አያሳንሰውም። እንዲያውም ከዘገባው ሁሉ ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ክፍል የጭራው ጉዳይ ነው። የወደቀበት ምክንያት ተመርምሮ ተጽፏል። በፖስተሩ ላይ የሚቀረው ግን ያ ነው፤ ደቂቃው ይገባል፣ ጭራው ይቀራል።

ለፈተናውም ለሥራውም

ሰው «መድረሳ ሽምደዳ ነው» ሲል እንሰማለን። ሸኽ ዘንድ የቀራ ሰው ግን ያውቃል፤ ሒፍዝህን ካሰማህ በኋላ «ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። የእኩል መድረስ ተረትን ሽምድዶ ኤ ማምጣት ይቻላል። ጥያቄው ከፈተናው በኋላ ነው የሚመጣው፤ ድልድይ፣ ሶፍትዌር ወይም የመድኃኒት መጠን ላይ ስትፈርሙ።

ስለዚህ በማንኛውም ትምህርት ማብራሪያ ሲነገራችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ የለካው ማን ነው? ቁጥር ሲገባበት ይበቃል? ነገሩን ብንገለብጠውስ ይሠራል? ሦስቱን ካለፈ ያዙት። ካላለፈ በመጽሐፍ ቢጻፍም፣ በመምህር ቢነገርም፣ በአደብ መልሳችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አደብ ማጣት አይደለም።

ወላሁ አዕለም።